አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቃል። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ የጡረታ ደብተርም የለኝም። ግን ጠዋት ስነቃ ጣቶቼ ሳላዛቸው ብርድ ልብሱ ላይ ጭብጨባ ይመታሉ። እኔ ሥራውን ተውኩት፣ እነሱ ገና አልተዉትም። ይህ ጡረታ ካልሆነ ሌላ ስሙን አላውቅም።

አሁን ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ያገለገሉ መጻሕፍት እሸጣለሁ። ገዢ ሲጠፋ ግጥም እጽፋለሁ፤ ገዢ ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ብዙ ጽፌያለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሰባት ዓመት ሙሉ በቡታጅራና በወልቂጤ መካከል እየተመላለስኩ፣ አንድ የሙዚቃ አፕ ከአንዱ የስልክ ዓይነት ወደ ሌላው ሳሸጋግር ኖሬያለሁ። ባለፈው ወር ኮምፒውተሩን ለፈቲያ አስረከብኩ። ስትረከበኝ፣ "አንተ ሌባ፣ ምንም አላስቀረህም አይደል?" አለችኝ። ሌባ የምትለኝ በሠርጓ ቀን ባደረግኩት ነገር ነው። እሱን ለመናገር ግን ከአባቷ መጀመር አለብኝ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት እዚሁ ወልቂጤ፣ እትዬ አስቴር ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ሥራዬ ሚሞሪ መሙላት ነው። ሰው ትንሿን ካርድ በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል፤ "መዝሙር ሙላልኝ" ይላል፣ ወይም "የጉራጊኛ ጭፈራ ብቻ፣ ቀዝቃዛ እንዳትጨምርበት።" እትዬ አስቴር መዝሙርና ዘፈን አንድ ካርድ ላይ እንዲቀላቀል አይወዱም። "ሰውዬው ሊጸልይ ሲል ዘፈን ቢጮህበት የሚጠየቀው ማን ነው? አንተ ነህ!" ይሉኛል። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ከኢንተርኔት በወረደ ትምህርት ፕሮግራም መጻፍ ለመድኩ። ግጥምም የተማርኩት እንደዚሁ፣ ያለ አስተማሪ ነው። የስልኩን መስታወት ስትነካው ከበሮ የሚመታ ትንሽ አፕ ሠራሁና ኩራቴን የሚችለው ጠፋ። ለገባው ደንበኛ ሁሉ አሳየዋለሁ።

አንድ ቀን አንድ ረዘም ያሉ ሰው "አሰላሙ ዓለይኩም" ብለው ገቡ። ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ቡታጅራ ውስጥ ቴፕ፣ ኪቦርድና አምፕሊፋየር ይጠግናሉ፤ ወልቂጤ የመጡት እዚህ ኮምፒውተር የምትማረውን ልጃቸውን ፈቲያን ሊጠይቁ ነው። ወረቀታቸው ኮፒ እስኪደረግ ከበሮዬን አሳየኋቸው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፣ በግራ እጃቸው ጭናቸውን፣ በቀኝ ጣታቸው መስታወቱን እኩል መቱ። ደገሙት። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

"ሁለት ሰው ነው" አሉ።

"ምኑ?"

"እኔ መታሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ከኋላዬ መታ። አልሰማኸውም?"

አልሰማሁትም ነበር። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ራሴ ጭኔን እየመታሁ ሞከርኩት፤ እውነታቸውን ነው። ከጣቴ ኋላ አንድ ሰው ይከተለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሰውዬ ሳልሰማ ውዬ አላውቅም። ሁለት ወር ታገልኩትና ስልኩን ይዤ ቡታጅራ ወረድኩ። ጭናቸውን መቱ። "አሁንም ሁለት ነው፤ ግን ተቀራርበዋል። ና፣ ግባ" አሉኝ። ቅጥሬ ያ ነው። ወረቀት አልተፈረመም።

የጋሽ ሸምሱ ቤት ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ባጃጆቹ ከሚዞሩበት ጥግ ላይ ነው። የመጣን ዕቃ ሳይከፍቱ መጀመሪያ ባለቤቱን ያጫውቱታል፤ "አንተ ስትነካው እንዴት እንደሚጮህ ልስማ" ይላሉ። ብሎኖቹን በለስላሳ ቆርኪዎች ውስጥ እንደ አወጣጣቸው ተራ ይደረድራሉ። ሲበይዱ አይናገሩም። እና አንድ ሕግ ነበራቸው፤ አፕ በባሰው ስልክ ላይ ሳይሠራ ለሰው አይወጣም። የባሰው ስልክ የራሳቸው ነበር፤ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ፣ በገበያው ከሚሸጡት ሁሉ ርካሹ። ለምን ሌላ እንደማይገዙ ስጠይቃቸው፣ "ጥሩ ስልክ ያለው ሰው ሌላ አፕ ያገኛል፤ ይህን የያዘ ሰው ማን አለው?" አሉኝ።

የምንሠራው አፕ "እጅ" ይባላል። ለሠርግና ለጭፈራ የሚሆን ጭብጨባና ከበሮ ነው። በእኛ አገር ጭብጨባ ዝም ብሎ መምታት አይደለም። ሠርግ ላይ የሙሽሪት ወገን ይመታል፣ የሙሽራው ወገን በመሃሉ ይገባል፤ ሁለቱ እየተጠላለፉ እግር የሚያስረሳ ፍጥነት ይወጣዋል። በየኪቦርዱ ውስጥ ያለው ጭብጨባ ግን ካርቶን የሚመታ ይመስላል። ጋሽ ሸምሱ የፈለጉት የሰው እጅ ነው፤ የማን እጅ እንደሆነም ያውቁ ነበር። ባለቤታቸው ራህመት፣ ፈቲያ ገና ትንሽ ሳለች ያረፉት፣ በመስቃን ሠርጎች ላይ ጭብጨባ መሪ ነበሩ። የወንድማቸው ሠርግ የተቀዳበት አንድ ካሴት ቀርቷል።

ካሴቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንሰማ ሰነበትን። የሁሉም ሰው እጅ አብሮ አለ፤ የእሳቸው ለብቻው የለም። በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ሌሎቹ ትንፋሽ ሲወስዱ ራህመት ብቻቸውን ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ። ጋሽ ሸምሱ ሦስቱን ደጋግመው ሰሙና ሁለተኛውን መረጡ። ከጭብጨባው በፊት፣ እጃቸው ሲነሳ፣ አምባራቸው ቅጭል ይላል። "ከነአምባሯ ቁረጠው" አሉኝ።

ድምፁ ተገኘ። ስልኮቹ ግን ነገር አላቸው። ጣት መስታወቱን ሲነካ ድምፁ ወዲያው የሚወጣ ይመስለናል፤ እውነቱ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል። አንዱ ክፍል ይቀበላል፣ ለሌላው ያስተላልፋል፣ ድምፁ ተራ ይጠብቃል። በርካሾቹ አንድሮይዶች ላይ ወረፋው ይረዝማል፤ ርዝመቱም በየስልኩ ይለያያል። ሌላም አለ። የአንዳንዱ መስታወት ከሁለት ጣት በላይ አያውቅም፤ በሦስተኛው ስትመታ የመጀመሪያውን ይረሳዋል። አንዳንዱ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ጭፈራው መሃል አፑን ያጠፋዋል። በአሮጌዎቹ ላይ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። አፑ ሲከፈት የሚታይ አራት ስንኝ ጽፌ ነበር፤ ጋሽ ሸምሱ አነበቡትና፣ "ወላሂ ጥሩ ነው። ግን ሰው ሊመታ ነው የመጣው። 'ምታ' በለው" አሉ። አራቱን ስንኝ አጥፍቼ "ምታ" አልኩ። ከጻፍኩት ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው ያ ነው።

አይፎን ሌላ ዓለም ነበር። ለእሱ የሚጻፈው በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ኮምፒውተር ነው። አንዋር የሚባል የወልቂጤ ልጅ፣ የፈቲያ እጮኛ፣ አይፎን ነበረው፤ ኮምፒውተሩንም ከጓደኛው ተዋሰልን። ለወራት ተራራውን በሚኒባስ እያቋረጥኩ ስመላለስ፣ የአረቅጥ ጉም መስኮቱ ላይ ሲያርፍ ላፕቶፔን በጋቢ ጠቅልዬ ስይዝ፣ ከጎኔ የተቀመጠች አሮጊት "ሕፃን ነው እንዴ?" ብላኛለች። "አዎ፣ ገና አልተራመደም" አልኳት። በአይፎኑ ላይ ሲሠራ አንድ ሰው ለመሆን ምንም አልቀረውም። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም እፈልገዋለሁ፤ ችግሩም ከዚያ ደስታ ጀመረ።

የፈቲያና የአንዋር ሠርግ ተቆረጠ። ድግሱ ቡታጅራ፣ ጋሽ ሸምሱ ግቢ በተጣለ ድንኳን ውስጥ ነው። የሙሽሪት ወገን ልጃገረዶች "እጅ"ን በየስልካቸው ጭነው እንዲመቱ ታሰበ። ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። ፈቲያ እናቷን በአካል አታስታውስም፤ ያ ጭብጨባ በሠርጓ ቀን ከወገኗ መሃል እንዲሰማ ፈልጋለች። ጋሽ ሸምሱ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ እንኳ ብዙ አላወሩም። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ገመድ ሲያጠላልፉ ቀና ብለው ብቻ፣ "በኔ ስልክ ሞክረኸዋል?" አሉኝ።

"ሞክሬዋለሁ።"

"ስንት ነው?"

"አንድ ሰው።"

አልሞከርኩትም ነበር። በአይፎኑና በራሴ ስልክ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሞከርኩት። ልጆቹ በየስልካቸው ላይ አቀርቅረው ይጠብቁኛል፤ አፑን ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየላኩ አንዱ ስልክ ሞላ፣ ሌላው እምቢ አለ ሲሉኝ ጊዜው አለቀ። ይሠራል ብዬም አምኜ ነበር። ማመን ከመሞከር ይቀላል።

የሙሽራው ወገን ከወልቂጤ በአራት ሚኒባስ ገባ። ጭፈራው ደራ። ልጃገረዶቹ ስልካቸውን በተከራየነው ትልቅ ስፒከር ላይ በብሉቱዝ አያያዙ። ያላሰብኩት እሱን ነው፤ ብሉቱዙ ራሱ ሌላ ወረፋ ነው። የስልኩ መዘግየትና የስፒከሩ መዘግየት ተደምረው የራህመትን ጭብጨባ ልክ በመሃሉ ላይ፣ የሙሽራው ወገን በሚገባበት ቦታ ላይ ጣሉት። ልጃገረዶቹ በራሳቸው ተራ ይመታሉ፤ ድምፁ ግን በሌላው ተራ ይወጣል። የወልቂጤ ሴቶች ግራ ገባቸውና እጃቸውን ሰበሰቡ። ከመሃላቸው አንዷ፣ "ኧረ እነዚህ ሰዎች! ልጅ ስጡን ብለን ብንመጣ ጭብጨባችንን ወሰዱብን!" ስትል ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

"ሌቦች!" አለች ሌላዋ። "ወንዱንም አስቀሩት እንግዲህ!"

ቀልድ ነው፤ ክፋት የለበትም። ፈቲያ ግን አንገቷን ደፋች። የእናቷ እጅ በሠርጓ መሃል ያለ ቦታው እየመታ ሰው ይስቅበታል። እኔ ስፒከሩ አጠገብ ቆሜ አንዱን ቁልፍ ስነካ ሌላውን ስስት አስታውሳለሁ። ጋሽ ሸምሱ በሴቶቹ መሃል አልፈው መጡ፣ ስፒከሩን አጠፉ፣ ዞር ብለው በልጃገረዶቹ ፊት ቆሙና በባዶ እጃቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። ወንድ በዚያ ቦታ አይመራም። ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ የራሳቸው ሰዎች፣ ከዚያ የወልቂጤዎቹ ገቡ፤ ጭፈራው ተነሳ። እኔ ከድንኳኑ ኋላ ወጥቼ ድስት ከሚያጥቡት ሴቶች አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ሱቁ ስገባ እየበየዱ ነበር። ጨርሰው ብረቱን ጡቡ ላይ አሳረፉት።

"በኔ ስልክ ሞክረኸው ነበር?"

"አልሞከርኩትም፣ ጋሼ።"

የተሰነጠቀ ስልካቸውን አወጡ፣ ሲም ካርዳቸውን አወጡበት፣ ስልኩን ወደኔ ገፉት። "ያንተን ስጠኝ" አሉ። ሰጠኋቸው። "ይኼ አንድ ሰው እስኪሆን ካንተ ጋር ይሁን።"

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የያዝኩት ስልክ እሱ ነው። እናቴ ስትደውልልኝ በስንጥቁ ላይ ስሟ ለሁለት ተከፍሎ ይታየኛል። ግጥሞቼንም በእሱ ላይ ጻፍኩ፤ እየዘገየ የሚከተለኝ ፊደል ቸኩሎ መጻፍን አስተወኝ። ሥራውን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው ብል ማጋነን አይደለም። የድምፁን ክፍል ከሥሩ እንደገና ጻፍኩት። ለየስልኩ የየራሱን ወረፋ ለካሁ። ብሉቱዝ ሲያያዝ አፑ "በገመድ አያይዝ" እንዲል አደረግኩ። እንደዚያም ሆኖ አንዲት ቅንጣት መዘግየት አልወጣ አለች። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘኋት ስልኩ ውስጥ አልነበረም። ካሴቱ ውስጥ ነበረች። ጭብጨባውን የሚቀድመው የአምባሩ ቅጭልታ ነው፤ ጣት ሲነካ መጀመሪያ አምባሩ ይወጣል፣ እጁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለጋሽ ሸምሱ መናገር ከበደኝ። ነገርኳቸው። ካሴቱን አስገብተው ያቺን ቦታ ሰሟት። ደገሟት። "ካልተቆረጠ?" አሉኝ።

"ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው።"

ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ አስተካከሉ፤ የተዛባ ቆርኪ ግን አልነበረም። "ቁረጠው" አሉ።

ቆረጥኩት። በአዲሱ ቅጂ፣ በተሰነጠቀውና በሚዘገየው ስልክ ላይ ሳይቀር ጣትና ድምፅ ተቀራረቡ። ለጋሽ ሸምሱ ሳሳያቸው ጭናቸውን መቱና፣ "ጥሩ ነው" ብቻ አሉ። አንድ ሰው አላሉም። ስልካቸውንም አልጠየቁም።

የቀረኝ ሥራ የሠርጉን ቅጂ ማጥፋት ነበር። አይፎን ላይ ይህ ቀላል ነው። የአይፎን አፕ መደብር ውስጥ ለመግባት፣ ክፍያውን የሚከፍልልን የውጭ የባንክ ካርድ ያለው ሰው ፍለጋ ብዙ ብንለምንም፣ አንዴ ከገባን በኋላ በአንድ ቦታ ያስተካከልከው ለሁሉም ይደርሳል። በእኛ ገበያ ግን አፕ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ጠዋት ልጃገረዶቹ የተላላኩት ቅጂ ከቡታጅራ ወጥቶ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ስሰማው "ወንድም፣ እስቲ ስልክህን" እያልኩ አጥፍቼ አዲሱን እጭን ነበር። አንዱ ሹፌር "ቫይረስ ነው እንዴ?" ብሎኛል። "እኔ የሠራሁት ነው" አልኩት። "እሱንማ ነው የጠየቅኩህ" አለኝ።

ፈቲያ በኋላ አብራን መሥራት ጀመረች። የአይፎኑን ክፍል ከእኔ ይልቅ እሷ ትችለዋለች። ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ዕድሉን አልሰጠችኝም፤ "ሌባ" እያለች አለፈችው።

አሁን ወደ መጨረሻው። ዘንድሮ ጋሽ ሸምሱ ቆሼ ከተማ ዘመድ ሲድሩ አብሬያቸው ሄድኩ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ከሚኒባሱ ወርደን በአቧራው ስንራመድ ከሩቅ ጭብጨባ ተሰማ። ጋሽ ሸምሱ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ስማ" አሉ።

ሰማሁ። የእኛ ነው። አሮጌው፣ የሠርጉ ቅጂ ነው፤ አምባሩ አለበት። ግን ከሴቶቹ እጅ ጋር ምንም ሳይዛነፍ ይወርዳል። ቅጭል፣ ጭብጨባ። ቅጭል፣ ጭብጨባ።

ዳሱ ውስጥ አንዲት ቀይ ሻሽ ያሰሩ ሴት ስልካቸውን ከስፒከር ጋር አያይዘው በጣታቸው ይመታሉ። እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። እረፍት ሲወስዱ ቀረብኩ። ልማድ አይለቅም።

"እትዬ፣ ይኼ የድሮው ነው። ይዘገያል። አዲሱን ልጫንልዎት?"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ማን ይዘገያል?"

"አፑ።"

"እሱማ ሰነፍ ነው፤ እኔ እቀድመዋለሁ።" ጣታቸውን አነሱና ለጎናቸው ሴቶች አሳዩ፤ ሌላው እጃቸው ጭናቸው ላይ ከማረፉ በፊት ጣታቸው መስታወቱን ነካ። "አዲሱን የእህቴ ልጅ ጭናልኝ ነበር። ይቸኩላል። አምባሩም የለበትም። ያለ አምባር ምን ጭብጨባ አለ? አጠፋሁት።"

ሴቶቹ ሳቁብኝ። ጋሽ ሸምሱ አልሳቁም። የዳሱን ምሰሶ ተደግፈው ቆሙ። ጭብጨባው ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ስንት ዙር እንደሰሙ አላውቅም። ከዚያ ወደኔ ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ።

"ስልኬን መልስልኝ።"

ሲሜን አወጣሁና ሰጠኋቸው። እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሄደው፣ "እህቴ፣ ያን የድሮውን ላኪልኝ" አሏቸው።

ሳይመሽ ወደ ቡታጅራ ተመለስን። ሚኒባሱ ውስጥ ጋሽ ሸምሱ ከመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ስንጥቁ በፀሐዩ ያበራል። አንድ ጊዜ ነኩት። ቅጭል አለ፣ ዘግይቶ ጭብጨባው መጣ። ሁለተኛ ሲመቱ ጣታቸው ቀደመ፤ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሲያርፍ የራህመትም እጅ አብሮ አረፈ።

"አንድ ሰው" አልኩ።

እንደገና መቱ።